ጥየቃ

ኑሻቴል ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር ወዲህ፣
መስኮት የሌለበት አንድ ክፍል አለ እዚህ።
ምድር ቤት ነው፤ ጠባብ፤ ግድግዳው ነጭ ቀለም፤
ከእኔና ከአቶሙ በቀር የሚያመሽ የለም።
ጣት የምታህል ናት የመስታወት ብልቃጥ፣
ሩቢዲየም ተንኖ በውስጧ የሚናጥ።
ከሌዘሩ ወጥቶ፣ ለዓይን ጭል የሚል ቀይ
ጨረር ይጠይቃል፦ «ልክህ ያው ነው ወይ?»
አቶሙም ይመልሳል፤ ከስድስት ቢሊዮን ጊዜ
በላይ በአንድ ሰከንድ፣ ያለ ዕረፍት፣ ያለ ትካዜ።

ችግሩ መስመሩ ነው። ስክሪኑ ላይ ወጥቶ፣
ሦስት ሰዓት ያህል ቀጥ ብሎ ቆይቶ፣
ከዚያ ዘንበል ይላል እንደ ሰካራም ሰው፣
ወደ ታች፣ ወደ ታች፤ እንጃ ምን እንደሚስበው።
ከአሥር ሺህ ቢሊዮን አንድ ነው ስሕተቱ፤
ማንም አይጎዳበት፣ አይዘገይ ወተቱ፣
ባቡሩም አይስትም፤ እኔን ግን ከአልጋዬ
ነቅሎ ያመጣኛል፣ ካፖርት ጥዬ ከላዬ።
«ሳተላይት ላይ ሲሆን፣» ይላል ሬሚ፣ «ይቺ ጉድ
መርከብን በየቀኑ ታሳስታለች አምስት ክንድ።»
«ተኚ፣ ወይንሸት» ብሎ ደግሞ ሲመክረኝ፣
እሱም ደረጃው ላይ ነው፣ እየሮጠ ሊያግዘኝ።

ሙቀቱን ጠረጠርን፤ የምድጃዋን ግለት
በሺኛ ዲግሪ ለካነው ዕለት ዕለት።
ማግኔትን ጠረጠርን፤ በሦስት ድርብ ብረት
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሸፈነቻት ኦዴት።
አሳንሰሩን ከሰስን፤ የቦይለሩን ፉጨት፤
ሬሚማ ጨረቃን ከሰሰ በንዴት።
እኔ ዶሎሬስን፣ ጽዳት ሠራተኛዋን ከሰስኩ፤
«አትግቢ» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ለጠፍኩ።
አቧራ ወፈረ፤ መስመሩ ግን ወርዷል፤
ወረቀቱን ቀደድኩ፤ ይቅርታዬ ቀርቷል።

ቅዳሜ ከኦዴት ጋር አባቷን ልንጠይቅ
ወጣን በባቡር፣ ጭጋጉ ገና ሳይለቅ።
ከዋሻው ስንወጣ በረዶ ጠበቀን፤
ፌስታል ብርቱካን ይዘን በእግራችን ዘለቅን።
ላ ሾ ደ ፎን ላይ ነው፤ ሰዓት ሠሪ ነበር፤
ዓይኑ ዙሪያ ታትሟል ክብ ያጉሊ መነጽር።
«ማን ነኝ? ስሜን ጥራ!» ዓይኑ ላይ ፈጠጠች፤
እሱ ዞሮ እኔን አየ፤ ከንፈሩ ተርገበገበች።
በጠየቀች ቁጥር ሌላ ስም ይጠራል፤
የእናቱን፣ የሚስቱን፤ ከዚያም ያለቅሳል።
ደከማት መሰለኝ። መጋረጃ ሳበች፤
ብርቱካን ልጣ ከጎኑ ቁጭ አለች።
ሩብ ሰዓት አለፈ።
እጇን ሳብ አድርጎ፣ ሰዓቷን ጆሮው ላይ
አስጠጋ። «ኦዴት፣» አለ፣ ፊቷን እንኳ ሳያይ፣
«ይቺ ሰዓት ትቀድማለች፤ ማነው የነካካት?»
ኦዴት መልስ አልሰጠች፤ ብርቱካኑ አነቃት።

በባቡር ስንወርድ ልነግራት ፈለግሁ
«ጠየቀ» የሚለውን። በነሱ ቋንቋ አልሆን አለኝ፤ ተውሁ።

እሑድ ማታ ገባሁ። ሌዘሩን ቀነስኩት፤
ከግማሽ ወደ ሩብ፤ ከሩብም አሳነስኩት።
ለካ ያ ብርሃን ነው፣ እንዲያ ሲያፈጥበት
አቶሙን ገፍትሮ ልኩን የሚያስትበት።
ብልጭ፤ ከዚያ ጨለማ። ለብቻው ይቁጠረው።
ብልጭ፤ ስንት ደረስክ? መልሰህ ጀምረው።
እስኪነጋ ድረስ መስመሩ ቀጥ አለ፤
አንዴ ብቻ ሳል ያዘው፤ ደግሞ ተደላደለ።
ይጸናል አልልም። ነገ ሌላ አመል
ሊያወጣ ይችላል፤ ሬሚም ጨረቃን ሊበቀል።

በር ተንኳኳ። ዶሎሬስ፣ ባልዲዋን አንጠልጥላ፣
የወረቀቱን ሙጫ በጥፍሯ ፈልፍላ።
«ግቢ፣» አልኳት፤ ሌላ ቃል ከአፌ ሳይወጣ፣
«ስንት ሰዓት ነው?» አለች፣ መጥረጊያዋን ስታመጣ።
ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ስክሪን፣ ሽቦ፣ ቀለም፤
ስንት እንደሆነ የሚያውቅ አንድም ሰዓት የለም።
«እንጃ፣» አልኳት። ሳቀች።
ወለሉን ማጠብ ጀመረች።