ሦስት እግር

«ይህን ሐውልት ያቆመው ማዘጋጃ ነው» ይላሉ፤
ደግ፤ ይበሉ።
እኔ ግን ነዳፊው፣ ባለእርሳሱ፣ ባለማስመሪያው፣
አውቃለሁ ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደ ነበር መጀመሪያው።

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ ከመናኸሪያው ጥግ፣
ኤንትሬዎቹ ቆመው፣ ጧት፣ ጭጋግ ለጭጋግ፣
ልጆቹን ጫኑና ወደ ምሥራቅ ሄዱ፤
አባቶች ወደየቤታቸው ገቡ፤ ቀረ አንዱ።

አባ ዲኮ፣ የበርጩማ ጠራቢ፣
እጁ ዋንዛ የሚሸት፣ ከቃል ቆጣቢ።
ለነዚፍ ሰርግ ብሎ የጠረበውን፣ ገና ቅቤ ያልጠጣ፣
ባለሦስት እግር በርጩማ ይዞ መጣ፤
አስቀመጠው። አጠገቡ ቆመ።
«አልቀመጥም፤ የሱ ነው» አለ፣ «ደክሞት ነው የሚመጣ።»

ክረምት ላስቲክ አለበሰው፤ በጋ አቧራውን አራገፈ፤
አውቶቡስ በታየ ቁጥር አንድ ርምጃ ተራመደ፤
አውቶቡሱም አለፈ።

ሐሙስ ገበያ ስትወርድ፣ ዙበይዳ ባለ በርበሬዋ፣
ሌላ በርጩማ አወረደች ከአህያዋ፤
«የኔንም ጠብቅልኝ። ሁለት ናቸው፤ አንድ ይበቃቸዋል፤
ተጣብቀው መቀመጥ ከልጅነት ለምደዋል።»

በመስከረም አርባ ሞላ፤ ጥር ላይ መቁጠር ተውኩት።
ሾፌር ጡሩምባ የማይነፋበት ቦታ ሆነ፤ ዝምታውን ሰማሁት።

አባ ዲኮ ቆሞ ሞተ። የልጁ ወረቀት፣ ኋላ ሰማን፣ መጥቶ ነበር፤
ሁለት ዓመት ከርሟል ከቀበሌ መሳቢያ፤ ማን ደፍሮ ይናገር።

ያኔ ነው ትዕዛዝ የወረደ፦ «ሐውልት ይቁም በፍጥነት፤
በርጩማው ገጽታ ያበላሻል፤ ይሰጥ ለማገዶነት።»
ሌሊቱን ፋኖስ ለኩሼ፣ ሳልኩ እጄ እንደ መራኝ፤
ሦስት ዓምድ፣ ዘመም ዘመም ያሉ፣ ከላይ ሰፊ ጎድጓዳ፤
ማንም አልጠረጠረኝ።

ሊመርቅ የመጣው እንግዳ፦ «ሦስቱ ዓምድ ምንድን ነው?»
ጓድ መኩሪያው ፈጠን ብሎ፦ «ወዛደር፣ ገበሬ፣ ወታደር ነው!»
ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።
ዙበይዳ ግን፣ ከሕዝቡ ኋላ፣
ቀና ብላ አየችው፣ እግሮቹን አንድ በአንድ፣ ሻሿን አስተካክላ፤
ከዚያ ወደኔ ዞረች።
ምንም አላለች።

የእብነ በረዱ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ተፋቀ፣ ሦስት ጊዜ ተለወጠ፤
የጅማ ዝናብ ግን ከላይ፣ ጎድጓዳው ውስጥ፣ እየመጣ ተቀመጠ።
ርግብ ይጠጣበታል።
ከዚያ ሌላ፣ እስካሁን፣
ማንም አልተቀመጠ።