የታጠበ ትራስ

ደንዲ፣ ስኮትላንድ፣ በ1907 እ.ኤ.አ.

ማዘጋጃ ቤታችን ሁለት ጋሪ አለው፤
ጥቁሩ የታመመ ልብስ ሄዶ ያመጣል፣
ነጩ የዳነውን ለቤቱ ይመልሳል፤
ሁለቱን የሚስበው አንድ ፈረስ ነው።

እኔ አርኪ ጊልክሪስት ድኝ አንዳጁ ነኝ፣
በየቤቱ ስገባ «ተቀመጥ» የማይሉኝ።
መስኮቱን በወረቀት ለጥፌ ለጥፌ፣
የቁልፉን ቀዳዳ በጥጥ ወትፌ፣
ጭሱን ቆልፌበት ደጅ እጠብቃለሁ፤
ስድስት ሰዓት ቆጥሬ እያሳልሁ እከፍታለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ሦስተኛ ፎቅ ደረስሁ፣
ኢሶቤል ካትሂል ቤት፤ የጁት ሸማኔ ናት።
ዘጊ አነዳ ገብቶ ጉሮሮውን አንቆት
ዋቲ ያረፈበትን ትራስ ይዤ ተመለስሁ።

አርባ ሦስት ቁጥር ጠርዙ ላይ ሰፍቼ፣
በእንፋሎት ቀቅዬ፣ በነፋስ አስጥቼ፣
ሐሙስ በነጩ ጋሪ ይዤላት ስመጣ
ፊቷን ቀብራበት ቆየች፣ ትንፋሿ እስኪወጣ።

«ይኼ የማን ነው?» አለች።
«ያንቺው ነው፤ ቁጥሩን እዪ።»
«ቁጥሩስ የእኔ ነው።
የልጄ ሽታ የታለ?»

መልስ የለም ከኪሴ፤ ደረሰኝ ነው ያለኝ።
«እዚህ ጋ ፈርሚ» አልኋት። ፈረመችልኝ።

ደረጃው ሥር ልጆች ብይ ይጫወታሉ፤
«ድኝ መጣ!» ብለው አፍንጫ ይይዛሉ።
ቆጠርኋቸው፤ ሰባት። የሚያስል የለም አንድም።
ተመልሼ ወጥቼ ይህን ልነግራት አልቻልሁም።

ፈረሱ ታች ቆሟል፤ ባዶ ባልዲ ይልሳል።
ነጩን ፈታሁለት።
ሌላ ጎዳና ላይ ጥቁሩ ይጠበቃል።