ማለፊያ

በሰበታ ዳር፣ ከአስፋልቱ ወረድ ሲሉ፣
የመስኖ ግድብ አለ፤ ቁመቱ ሁለት ክንድ ከስንዝር።
ቦዩ ሲሞላ ሽንኩርቱ ይስቃል፤
ከግርጌው፣ በሐምሌ ሌሊት፣ ዓሣ ዘሎ ይወድቃል።

ስንዱ ሦስት ክረምት ቆጠረች፣
ቦቲዋን አጥልቃ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ፦
«ቢልጫ፣ አርባ ሁለት። ዘለለ፣ ወደቀ።
ቢልጫ፣ እንቁላል የያዘች። ዘለለች፣ ወደቀች።
አምባዛ፣ አንድ። አልሞከረም።»
ደብተሯ ዛሬም ጭቃ ጭቃ ይሸታል።

ሰማንያ አራት ገጽ ሆኖ ቢሮ ደረሰ።
ኃላፊው ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣
«ማለፊያ!» አሉ። «ማለፊያ ጥናት!»
ከዚያ መደርደሪያ፣
ከዚያ አቧራ፣
ከዚያ ሁለት ክረምት።
ማለፊያ ተባለ እንጂ ማለፊያ አላገኘም፤
ወረቀቱም እንደ ዓሣው ከግድብ ሥር ተኛ።

እኔ መመሪያ አርቃቂ ነኝ። ሥራዬ ማሳጠር ነው።
«በአንድ ዓረፍተ ነገር አድርግልኝ» ተባልኩ፣
ሰማንያ አራቱን ገጽ፣ ሦስቱን ክረምት፣ የስንዱን ብርድ።
«የሚመለከተው አካል እንደ አስፈላጊነቱ...» ብዬ ጀመርኩ።
ሰረዝኩት።
እንደ አስፈላጊነቱ ማለት፣ ስንቴ ጽፌዋለሁ፣ አውቀዋለሁ፣
አያስፈልግም ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ ወንዙ ዳር ወረድኩ።
ኦቦ ጅግሳ ቦያቸውን በአካፋ ይጠርጋሉ።
«ለዓሣ በር ከፍታችሁ ውሃዬን ልታፈሱ?» አሉኝ።
እውነታቸውን ነው፤ የስድስት ልጅ እራት በዚያ ቦይ ይመጣል።
ስንዱ ጎንበስ ብላ ጭቃው ላይ በእንጨት ሣለችላቸው፦
በጎን በኩል ደረጃ፣ ከድንጋይ፣ ዝቅ ዝቅ ያለ፣
ከሰኔ እስከ መስከረም ብቻ፣ ውሃው ሲተርፍ።
ዝም ብለው አዩት። ቆይተው፣
«ልጅ ሆኜ» አሉ፣ «እዚያ ላይ፣ ደጃችን ድረስ ይመጣ ነበር፤ በቅርጫት ነበር የምንይዘው።
በልተን የጨረስነው ይመስለኝ ነበር።»

ማታ ተመልሼ ጻፍኩ።
አንቀጽ አሥራ አራት።
አንቀጽ በግዕዝ በር ማለት ነው፤
ስንቱን ደረደርኩ፣ አንዱንም ሳልከፍት።
«ማንኛውም የመስኖ ግድብ የዓሣ ማለፊያ ይኖረዋል።»
ይኖረዋል። «ሊኖረው ይችላል» አይደለም።

ረቂቁ ሰባት ፊርማ ይጠብቃል፤
ሦስቱ ፈርመዋል፣ አራተኛው ስብሰባ ላይ ናቸው።
ሰኔ ግን ስብሰባ አያውቅም። ወጨጫ ራስ ላይ ደመናው ጠቁሯል፤
ስንዱ የባትሪዋን ድንጋይ ቀይራለች፤
ከታች፣ በደፈረሰው ውሃ፣ ማንበብ የማትችል አንዲት ቢልጫ
ሆዷ ሞልቶ እየመጣች ነው፣
ወደ አንቀጼ።