የሽታ እንቡጥ

ሐሙስ ከሰዓት፣ ፑንታ አሬናስ። ነፋስ መስኮቱን ይገፋል፤
በየትሪው የበግ አንጎል ፎርማሊን ፎርማሊን ይላል።
መምህርት ኢቱራ ጓንቷ ተቀዶ፣ ሳትለውጠው፣
"ቀለም ያለው መጽሐፍ ላይ ነው" አለች፤ "ይሄ በጣት ነው የሚነበበው።"

ኔልዳ ገለበጠችው በቀስታ። ከፊቱ ሥር ሁለት እብጠት፣
ባቄላ አክለው ተኝተዋል። ኢግናስዮ አነበበ፦ "የሽታ እንቡጥ፤
በበግ ትልቅ፣ በሰው ትንሽ።" ነጥብ አደረገ። ጨረሰ።
የኔልዳ ቢላ ግን እዚያው ቆሞ ቀረ፣ አልተመለሰ።

"አባቴ" አለች፣ "መስከረም ላይ፣ በረዶ ሲጥል በሌሊት፣
ልጇ የሞተባት በግ ብትኖር፣ ግልገልም ቢቀር ያለ እናት፣
የሞተውን ቆዳ ገፎ ለሕያው ያለብሰዋል፤
ከነደሙ፣ ከነእርጥበቱ፣ ጣቱ እስኪደነዝዝ ያስረዋል።
ታሸተዋለች። ትሸሻለች። ተመልሳ ታሸተዋለች።
ከዚያ በጉሮሮዋ እያጉመተመተች ታጠባዋለች።
እዚህ ነው መሰለኝ፣ እዚህች ፍሬ ላይ፣ የምትታለለው።"

ማንም አልሳቀም። መምህርት ኢቱራ ወንበር ሳበች፤
"ቆዳውን በስንተኛው ቀን ያወልቁለታል?" አለች።
"በሦስተኛው።"
"ለምን ሦስት?"
ኔልዳ ትከሻዋን ሰበቀች።

ኢግናስዮ "ሦስት ቀን" ብሎ ጻፈ፣ ጎኑ የጥያቄ ምልክት፤
ማንም ያላየው መስሎት ደግሞ፣ ጓንቱን አንስቶ አሸተታት።