ቁረጡ

መርከቢቱ ቅጂ ናት፣ እንጨቷ ግን እውነት፤
የሌይሪያ ጥድ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ዛሬም ሙጫ የሚያነባ፣ ሐዘን እንዳለበት።
አናጢዎች ጠርበው፣ ስንጥቋን በቃጫና በዝፍት ደፍነው፣
በቪላ ዶ ኮንዴ፣ ወንዙ ባሕር ሲገባ፣ ካቆሟት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ሳንታ ኪቴሪያ ነው የክርስትና ስሟ፤
ስንቴ ተፋቀ፣ ስንቴ ተቀባ በጎኗ ላይ ቀለሟ!
አምና እንግሊዝ ነበረች፣ ካቻምና ወንበዴ፤
ለቢራ ማስታወቂያም ትቆማለች አንዳንዴ።
ዘንድሮ የንጉሥ ናት።
መድፎቿ ፕላስቲክ፤ ሆዷ ውስጥ የናፍጣ ሞተር፤
ከበርሜሉ ጀርባ ቀይ የእሳት ማጥፊያ፤
ከማጥፊያው ጀርባ እኔ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ከወለሉ ሥር፣
የጭስ ማሽን ታቅፌ።
“ጭስ!” ሲሉኝ እለቃለሁ፣ “በቃ” ሲሉኝ እዘጋለሁ፤
የባሕር ውጊያውን በመድፍ ቀዳዳ፣ በአንድ ዓይኔ አያለሁ።

ዳይሬክተሯ ኢዳሊና ሦስት ቀን ነፋስ ለመነች።
ነፋስ ውል አይፈርም፤
አበል አይቀበል፣ በጥሪ ሰዓት አይቆም።
ስለዚህ ጎታች ጀልባ ከፊት፣ ከካሜራው ዓይን ርቆ፣
በገመድ ይስባታል፤ ሸራዋ እንደ ታጠበ አንሶላ ተሰቅሎ፣ ደርቆ።

ሐሙስ፣ ስምንተኛ ድጋሚ።
አንዴ አይሮፕላን አልፎ ሰማዩ ላይ ነጭ ጭረት ጣለ፤
አንዴ አድሚራሉ ሰይፍ ሲመዝ የእጅ ሰዓቱ አብለጨለጨ፣ “ከመጀመሪያው!” ተባለ፤
አንዴ የባሕር ወፍ ካባው ላይ የልቧን አደረሰች፤
ንጉሥም አላለች፣ በጀትም አላለች።

ዜፈሪኖ የካሺናስ ሰው ነው፣ ከዓሣ አጥማጆች ሰፈር፤
በጉርምስናው ግሪንላንድ ድረስ ሄዶ፣
በአንድ ሰው ጀልባ፣ በጉም መሐል፣ ኮድ ያጠምድ ነበር።
የግራ ጆሮው እዚያ ደንቁሮ ቀርቷል።
በስም ዝርዝሩ ላይ “ሽማግሌ መርከበኛ፣ ቁጥር አራት” ይሉታል፤
ከፊት ጫፍ ቆሞ የሚጎትተውን ገመድ እንዲጠብቅ፣
ወገቡ ላይ የላስቲክ ቢላ ሽጠውለታል።
የራሱ ግን ኪሱ ውስጥ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልተጠራው መጣ፣
ከሰሜን፣ ውሃውን እያጨማደደ።
ሸራው መጀመሪያ እንደ በር ተንኳኳ፤
ከዚያ ሞላ።
ከዚያ እግሬ ሥር ያለው እንጨት ሁሉ በአንድ አፍ ተናገረ፤
በሦስት ፊልም ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነበረ።
መርከቢቱ ወደ ጎን ሸሸች፤ ገመዱ ተወጠረ፤
ጎታቹ ጀልባ ከነቢጫ ቀለሙ የካሜራው ዓይን ውስጥ ገብቶ ተገተረ።
ኢዳሊና ጮኸች፦ “ቁረጡ!”

ካሜራው ቆረጠ።
ሰዉ ፊቱን ወደ ሳንድዊቹ መለሰ።
ዜፈሪኖም ቆረጠ፤
ገመዱን።
የተወጠረ ገመድ ለስለት ቅቤ ነው።

ዐሥራ አንድ ደቂቃ ያህል፣
ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማንም ሳይስባት፣ ማንም ሳይቀርጻት፣
ሄደች።
አድሚራሉ ባርሜጣውን ነፋስ ወስዶበት፣ ጠርዙን እንደ ሕፃን አቅፎ፣
ያልተጻፈለትን ቃል ተናገረ፣ የእናቱን ስም።
እኔ ማሽኔን ትቼ ወጣሁ፤
ለዚህስ አንድ ዓይን አይበቃም።
ዜፈሪኖ ወደ ላይ ብቻ ያያል፣ ወደ ሸራው፤
ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይሳደብ ይጸልይ፣ አልሰማሁትም።

ማታ የኢንሹራንሱ ሰው ደብተሩን ይዞ መጣ።
“ማን አዘዘህ?”
“ቁረጡ ተባለ፤ ቆረጥኩ።”
በየትኛው ጆሮው እንደሰማ ግን አልጠየቀውም።

ፊልሙን ፖርቶ ገብቼ አየሁት።
ሸራዋን በኮምፒውተር ነፍተውታል፣ ክብ አድርገው፣ እንደ ሆድ፤
ጭሱ የእኔ ነው።

ባለፈው እሑድ በካሺናስ ሳልፍ የዜፈሪኖ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤
ያ የተቆረጠ ገመድ ጫፉ ተጠምጥሞ፣
ነፋስ እንዳይዘጋው
በሩ ሥር ተወትፏል።