ለምን «ፎር»?

ሱ ፎልስ፣ ማክሰኞ ማታ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፤
ውጪ በረዶ፣ ውስጥ የቧንቧው ማንኳኳት።
ሚስስ ሃልቮርሰን በነጩ ሰሌዳ
ስሙን አስቀድማ፣ ግሱን እንደ እንግዳ
«ኢንግ» የሚል ጭራ ሰፍታለት ከኋላ፣
በመሃል «ፎር»ን አቆመችው፣ ብቻውን፣ ያለ ከለላ።

የኛ «ለ» እንዲህ መቆም መች ለምዶ፤
ግስ ጀርባ ላይ ነው፣ ታዝሎ፣ ተወዶ፤
ለመልቀቅ፣ በመልቀቅ፣ ከመልቀቅ፤
አንዲት ፊደል፣ እግሯ መሬት ሳይነካ የምትዘልቅ።

ደርብ «ሪዝን ኦፍ» አለ፣ እኔ «ሪዝን ቱ» አልሁ፤
«ሪዝን ፎር ሊቪንግ» ይላል የያዝሁት የሥራ ቅጽ፤ እያየሁ ተሳሳትሁ።
«ፍርሃት ኦፍ ይወዳል፤ ልምድ ኢን ይጠራል፤
ምክንያት ግን ፎር ነው» አለች፤ «ይለመዳል።»
«ለምን ፎር?»
አማርኛው ነው ያመለጠኝ። አልገባትም፤ ፈገግ አለች፤
ሰሌዳውን ጠረገች።

አሥር ቁጥር አውቶቡስ ስጠብቅ ነው የሰማሁት ቃሌን፦
«ለ» እና «ምን»።
ፎርን በፎር ጠይቄዋለሁ ለካ፤
ዕድሜ ልኬን አፌ ውስጥ አስቀምጬው፣ ሳልነካ።

ቅጹ አሁንም ባዶ ነው፤ ሣጥኑ ሁለት ጣት አይሞላም፤
አምስት ዓመት ተርኪ መበለት እዚያ አይገባም።
«ሾልደር» ብዬ ጻፍሁ።
አንድ ስም ብቻ፤ ማንንም አላስከተልሁ።