የጣሳው ክብደት

ገንደ ቆሬ መግቢያ፣ ከጎሚስታው ኋላ፣
አንዲት ክፍል አለችኝ፣ በቆርቆሮ ግላ፤
እኔ ጂም እላታለሁ፣ ሰው ግን ይላል ሌላ።
የምናነሳው ሁሉ የወተት ጣሳ ነው፣
ቧንቧ የሰካንበት፣ ሲሚንቶ የሞላው፣
የድሬ ቀትር ነው አድርቆ ያጠነከረው።
ክብደቱን በቾክ ነው ጎኑ ላይ የጻፍኩት፣
አሸዋ ገበያ፣ በሽንኩርት ሚዛን ያስመዘንኩት።

ሲራጅ የመጣ ለት ሸሚዙ ሰፍቶታል፣
የጎን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል።
ቀን ባጃጅ ይነዳል፤ ማታ ማታ ደግሞ
ጣሳ ያነሳል እኔ ጋ፣ አጎንብሶ፣ ቆሞ።
ሰባት ወር ቆጠረ። ክንዱ ትንሽ ሞላ።
ትንሽ ግን መች ይበቃል ለሃያ ዓመት ገላ?

አንድ ቀን ይዞ መጣ ጥቁር ጣሳ፣ ትልቅ፣
የበሬ ሥዕል ያለው፣ ካፍንጫው እሳት የሚያፈልቅ።
«ከታይዋን ነው፣» አለኝ፣ «በጅቡቲ ዞሮ፤
ስድስት ሺህ ተብሎ፣ በአራት ተከራክሮ።»
ገልብጬ ታቹን ባይ፣ ቀን የሚጻፍበት፣
አሴቶን ይሸታል፤ ቁጥሩ የለበት።

«ተው!» ልለው ነበር፤ አፌ ግን ዝም አለ።
የኔስ ወጣትነት መች ከዚህ ተሻለ?
በሰማንያዎቹ፣ ለክልል ውድድር፣
የከብት መርፌ ነው የወጋሁት፣ በብድር።
ሜዳሊያው ነሐስ ነው። ጉበቴ ግን... ይቅር።

በሳምንቱ ሲራጅ ዓይኑ በራ፣ ፈጠነ፤
እንቅልፍ የሚባል ነገር የሰው ወሬ ሆነ።
አርባ ኪሎዋን ዘንግ አነሳት እንደ ላባ፤
ልጆቹ አጨበጨቡ፣ የኔ ሆድ ግን ባባ።
ውሃ እንኳን ሲጠጣ ጣቱ ይርገፈገፋል።
ባጃጁን አቁሞ መንገድ ዳር ያርፋል።
«ልቤ፣» አለኝ ማታ፣ «በር ታንኳኳለች፤
ልትወጣ ነው መሰል፣ ሙቀት ጠልታለች።»

ትርሲት ዘንድ ወሰድኩት፣ ከዚራ፣ በምሽት፣
ፋርማሲዋን ዘግታ ልትሄድ ስትል ቤት።
እጁን ይዛ ቆየች፣ ሰዓቷን እያየች፤
ዱቄቱን አሸተተች፣ ቀመሰች፣ ተፋች።
ቁጣ ስጠብቅ እኔ፣ እሷ አልተቆጣችም፤
«ሁሉም ውሸት ነው፣» ብላም አልዋሸችም።

«ፕሮቲኑ እውነት ነው። ባቄላም ግን አለው፣
እንቁላልም አለው፣ የግመል ወተትም አለው።
ክሬቲን የሚሉት ጥቂት ያግዝሃል፣
ጤና ካለህ፣ በልኩ፣ ብትወስድ ትችላለህ... ይባላል።
የቡና ቅመሙም ያነቃል ለጊዜው።
ጥያቄው ሌላ ነው፦ ማን ነው የመዘነው?
ጣሳው ላይ ያለው ነው ጣሳው ውስጥ ያለው?
ሻጩ አያውቅም፣ አንተ አታውቅም፣ እኔም አላውቅም፤
ላቦራቶሪ እንጂ ምላስ አይመረምርም።
ልብህ ግን ይኸውልህ፣ መቶ ሠላሳ መታ።
ባቄላ ሰውን እንዲህ አያደርግም፣ የኔ ጌታ።»

ሆስፒታል አደርን። ሽቦ፣ ግሉኮስ፣ ማሽን።
ስንወጣ ነግቷል፤ ወሬም አላሻን።
ደቻቱ ደርቆ ነበር፣ አሸዋ ነው ሁሉ፤
ፍየሎች በሆዱ ካርቶን ያኝካሉ።
ዝናቡን ሳናየው፣ ሌላ አገር ዘንቦ ነው
ጎርፍ እኛ ጋ የሚደርሰው።
ይህን አላልኩትም። እሱም የድሬ ልጅ ነው።

ዱቄቱን ደፋነው። የጎሚስታው ድመት
መጣች፣ አሸተተች፣ ሄደች በኩራት።
ጣሳው ግን ጠንካራ ነው፣ አፉም ሰፊ፤ አሳዘነን።
ሲሚንቶ አቦካን፣ ቧንቧ ተከልን፣ ሁለት ቀን ጠበቅን።
ሽንኩርት ሻጯ መዝና፣ በሬውን አይታ ሳቀች፦
«አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል፤ ይቺስ በላች፣ ጠጣች!»
በቾክ ጻፍኩት ጎኑ ላይ፣ ከእሳቱ ዝቅ ብዬ።
ከዚህ ጣሳ ላይ የማምነው ይቺን ቁጥር ነው፣ ብዬ።

ሲራጅ ቀስ ብሎ አነሳው።
አንድ። ሁለት። በሦስተኛው አስቀመጠው።
«ትንሽ ነው፣» አለ፣ ላቡን እየጠረገ።
«አዎ፣» አልኩት፣ «ትንሽ ነው።»